የአስቴር ኮርሴት

ስፖንጅ በምላጭ ሲቆረጥ የሚሰጠው ሽታ አለ፤ ቆርጦ የማያውቅ ሰው ስፖንጅ ሽታ አለው ቢሉት አያምንም። የላስቲክ አይደለም፣ የአቧራም አይደለም፤ ብዙ ወራት ተዘግቶ የቆየ ሻንጣ ሲከፈት እንደሚመጣው ያለ፣ ላይ ላዩን ደረቅ፣ ከሥሩ ግን የሰው ላብ ያለበት ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለምርቃቷ ቀን የገዛችውን ኮርሴት ይዛ ከባጃጅ ወረደችና፣ "ጎኔ ላይ ይዞኛል፣ ትንሽ ፈታ አድርግልኝ" ብላ ጠረጴዛዬ ላይ ትታልኝ ሄደች። እኔ እዚህ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ፣ ማንም ሳያስተምረኝ፣ አሮጌ ጡት ማስያዣዎችን እየፈታሁና መልሼ እየገጠምኩ የሴቶችን የውስጥ ልብስ መስፋትና ማስተካከል የለመድኩ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እንዲህ ያለው ሥራ የግማሽ ሰዓት ጉዳይ ነው። ምላጩን አስገብቼ የመጀመሪያዋን ስስ ቁራጭ ሳነሳ ግን ያ ሽታ መጣና እጄ ቆመ። ኮርሴቱን እስከ ማግስቱ መልሼ አልነካሁትም።

በልጅነቴ የምንኖረው ከገበያው በታች፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቀይ መንገድ ዳር ነበር። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ የማይጮህበት ሳምንት ስላልነበረ፣ እኛ ቤት ሰው ሁሉ ከፍ ባለ ድምፅ ነው የሚያወራው፤ ዝናቡ ድንገት ሲያቆም እርስ በርሳችን የተጣላን እንመስል ነበር። ልብስ በሦስት ቀን አይደርቅም፣ ጫማ አልጋ ሥር ሦስት ቀን ካደረ አረንጓዴ ይለብሳል፣ የደብተሬ ጠርዝ እንደ ጎመን ቅጠል ይጥመለመላል። አባቴ የቡና መፈልፈያ ማሽን ያንቀሳቅስ ነበርና የሥራው ወቅት ካለፈ በኋላ እንኳ የቡናው ገለባ የኮመጠጠ ሽታ ከኮቱ አይለቅም። እማዬ ጎደሬ ስትልጥ፣ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ማንም ያልጠየቀኝን ነገር እለካለሁ፤ ከበሩ እስከ ሙዙ ግንድ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ የወንበሩ የትኛው እግር በስንት ጣት እንደሚያጥር። ዝምተኛ ልጅ ስለነበርኩ ሥራ የያዝኩ ይመስላቸዋል።

የእህቴን የአስቴርን ሕመም መጀመሪያ ያየሁትም በዚሁ ልማዴ ነው። ያየሁት ጀርባዋን ሳይሆን የዩኒፎርም ቀሚሷን ጠርዝ ነበር። እሷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ እኔ አሥራ አንድ፤ ጠዋት ጠዋት ከኋላዋ እየሄድኩ የቀሚሱ ግራ ጎን ዝቅ፣ ቀኙ ከፍ እንደሚል አየሁና ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ ሦስት ጊዜ ፈትታ ሰፋችው። በመጀመሪያ ልብስ ሰፊውን ረገመች፣ ቀጥላ የጨርቁን ነጋዴ፣ በመጨረሻ ወደ አስቴር ዞረችና፣ "አንቺ ልጅ፣ ፍሬ እንደከበደው ሙዝ አትንጋደጂ፤ ቀጥ ብለሽ ቁሚ" አለቻት። አስቴር ቀጥ ብላ ቆመች። ቀሚሱ ግን እንደተንጋደደ ነበር።

ሐኪሞቹ ከሚዛን ወደ ጅማ፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ላኳቸው፤ ይዟት የሄደው አባቴ ነው። አከርካሪዋ እየተጣመመ እንደሆነ፣ አድጋ እስክትጨርስ ኮርሴት ካልታሰረላት ጥምዙ እየባሰ ሄዶ ሳንባዋን እንደሚጫን ተነግሮት ተመለሰ። ኮርሴቱ ነጭ ጠንካራ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ከብብቷ እስከ ዳሌዋ እንደ ቅርፊት ይይዛታል፤ ከኋላ ሦስት ማሰሪያ ባለ ዘለበት፣ ከውስጡ ደግሞ ሁለት ወፍራም ስፖንጅ አለው፣ አንዱ በግራ ወገብ፣ አንዱ በቀኝ ትከሻ አጥንት ሥር። አባቴ መካከላችን ቆሞ ኮርሴት ሠሪው ያዘዘውን እንደ ተማሪ በቃሉ ወጣው፤ ሳይወለቅ ይዋላል፣ ሳይወለቅ ይታደራል፣ ለመታጠብ ብቻ ይወልቃል፣ ከሥሩ ስፌት የሌለው ካናቴራ ይለበሳል፣ በስድስተኛው ወር ተመልሳ ትታያለች። ይህን ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና ውሃ ጠየቀ። ሌላ የሚናገረው ነገር ያለ መስሎኝ ጠብቄ ነበር።

በዚያ ወበቅ ፕላስቲክ ለብሶ መዋል ምን እንደሆነ የሚያውቀው የለበሰው ነው። በደብተሬ አራግብላታለሁ፣ ዘለበቱ የቆመበትን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ምልክት አደርጋለሁ። የክፍሏ ልጆች ሆዷን እንደ በር እያንኳኩ፣ "ቤቶች፣ እንግዳ መጥቷል" ይሏት ነበር። አስቴርም፣ "የለችም፣ ገበያ ወርዳለች" ትላቸዋለች። ቤት ስትገባ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ለረጅም ጊዜ ትቆያለች፤ መቀመጥም አንድ ሥራ ነበርና።

ከጥቂት ወራት በኋላ የሆነውን እኔ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ እማዬ ለአስቴር፣ አስቴር ደግሞ ካደግን በኋላ ለእኔ የነገረችኝ ነው። እማዬ ልጄ አድጋለች ብላ በገበያ ቀን ወደ እትዬ ዘውዴ ትሄዳለች። እትዬ ዘውዴ ሸራ ዘርግተው ሰልባጅ ጡት ማስያዣ የሚሸጡ ሴት ነበሩ፤ የመልበሻ ክፍል ስለሌለ ደንበኞቻቸው ከሹራባቸው በላይ እያደረጉ ይሞክራሉ፤ ሰፋብኝ ጠበበብኝ የሚል ሲበዛባቸው፣ "ፈረንጁ እናንተን አይቶ ነው እንዴ የሰፋው?" ይላሉ።

እማዬ ጎንበስ ብላ በቤንችኛ በሹክሹክታ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸው ግን በአማርኛ፣ በገበያ ድምፅ መለሱ።

"ለራስሽ ነው?"

"ለልጅቷ።"

"ታዲያ የታለች? ሳትለካ?"

"በዚያ ፕላስቲክ ላይ ገበያ መሀል አቁሜ ላስለካት ነው?"

እትዬ ዘውዴ ክምሩን ገልብጠው ላስቲኩ ጠንከር ያለ፣ ከኋላው በብረት መንጠቆ የሚያያዝ አወጡላት። እማዬ በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቤት አመጣችው፤ አባቴ እንዳያየው፣ እኔ እንዳላየው። አስቴር ከካናቴራው ሥር ታደርገውና ኮርሴቱን ከላይ ታስራለች፤ ለመታጠብ ስታወልቅ መጀመሪያ የምትደብቀው እሱን ነው፣ ከፍራሹ ሥር። ማስያዣው በተጣመመው ጀርባዋ ላይ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ መንጠቆው ወደ ቀኝ እየሸሸ ልክ ከስፖንጁ ሥር ይገባል። ስፖንጁ መንጠቆውን፣ መንጠቆው ሥጋዋን ይጫናል።

እኔ የማውቀው አስቴር ማልቀስ መጀመሯን ብቻ ነበር። ኮርሴቱን የለበሰችው በትዕግሥት ነበርና ለቅሶዋ አዲስ ነገር ሆነብኝ። "ስፖንጁ ነው፣ የቀኙ፣ እንደ ሚስማር ይወጋኛል" አለችኝ፤ እሷም ስፖንጁ መስሏታል። ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ "አንተ እጅህ ጠንቃቃ ነው፣ የሆነ ነገር አድርገው።"

ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሷ ስትታጠብ፣ ኮርሴቱን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በጣቴ ጫፍ እያንዳንዱን ቦታ ዳሰስኩ። ሚስማር የለም። የተሰነጠቀ ፕላስቲክ የለም። የጎደለ አንድ ነገር እንዳለ አላውቅም፤ ማስያዣው ከፍራሽ ሥር ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የስፖንጁ ውፍረት መሆን አለበት ብዬ ደመደምኩ፤ ሌላ ያየሁት ነገር ስለሌለ። የአባቴን መላጫ ምላጭ ወስጄ አንድ ስስ ሽፋን ላጨሁለት፣ ጠርዙንም እንዳያስታውቅ አለሳለስኩት። አስቴር አድርጋው ትንሽ ተራመደች። "ደህና ነው" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "ትንሽ ጨምር" አለች።

በየቅዳሜው ጨመርኩ። የሦስት ጣት ውፍረት የነበረው ስፖንጅ እንደ ቂጣ ሳሳ። ከተላጨው ለእማዬ የመርፌ መሰኪያ ሠራሁላትና "እጁ ይባረክ" ብላ ለጎረቤት አሳየችልኝ። አስቴር ለቅሶዋን ተወች፤ ወንበር ላይ እግሯን አጥፋ መቀመጥ ጀመረች፣ ሣህን እያጠበች ታዜማለች፣ እኔን ከኋላ መጥታ መኮርኮም ጀመረች። አባቴ እራት ላይ ያያትና ሳይናገር ፈገግ ይላል። ስለዚያ ቤት ሳስብ ዛሬም የሚመጡብኝ እነዚያ ወራት ናቸው፤ የቆርቆሮው ጩኸት፣ የእርጥብ ዩኒፎርም ሽታ፣ አስቴር "ተመችቶኛል" ስትል የሚሰማኝ ኩራት። ከዚያ በኋላ በሠራሁት ሥራ ሁሉ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስድስተኛው ወር የቡና ወቅት ላይ ወደቀና አባቴ ከማሽኑ መለየት ስላልቻለ እማዬ ይዛት ሄደች። እኔም ለምኜ ተከተልኩ፤ ኮርሴት ሠሪው ሥራዬን አይቶ የሚያደንቅልኝ መስሎኝ ነበር፣ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ጅማ አድረን በማግስቱ አዲስ አበባ ደረስን። ሰውዬው ሽበታም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ነበር። ኮርሴቱን ተቀብሎ ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ፣ የቀኙ ስፖንጅ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው። ቀጥሎ ከመጋረጃው ኋላ የአስቴርን ጀርባ ካየ በኋላ እማዬን ጠራትና፣ "ጡት ማስያዣ ታደርጋለች?" አላት።

እማዬ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ወደ እኔ አየች። "ልጁ ይውጣ" አለች።

ወጣሁ። በሩ ቀጭን ነበር።

"ይህ የመንጠቆ ጠባሳ ነው፤ ሁለት ነጥብ፣ ይኸውልዎት። ለአባቷ ነግሬው ነበር እኮ። ማስያዣ ስትጀምር አምጡልኝ፣ ከኋላ መንጠቆ ያለው እንዳታደርግ ብዬዋለሁ።"

"አልነገረኝም።"

"ለምን?"

"እንዴት ብሎ ያውራው" አለች፣ "የሴት ልጁን ነገር።"

"ስፖንጁንስ ማን ነው የላጨው?"

እጄን በሩ ላይ አደረግሁ። ግፋው ብዬ ራሴን አዘዝኩት፤ እጄ አልታዘዘኝም።

"እኔ ነኝ" አለች አስቴር።

"እጅሽስ ጎበዝ ነው" አለ ሰውዬው፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ድካም ነበረበት። "የላጨሽው ግን መድኃኒቱን ነው፣ ልጄ። መለወጥ የነበረበት ማስያዣው ነበር።"

በእነዚያ ወራት ቁመቷ ጨምሯል፣ ጥምዙም አብሮ ሄዷል። ኮርሴት ከሚመልሰው አልፏል፣ የሚቀረው ቀዶ ጥገና ነው ተባለ፤ ያም እንደኛ ላለ ቤት የማይታሰብ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ አስቴር አጠገብ ተቀምጬ፣ ለምን እኔ ነኝ እንዳለች ጠየቅኋት። "ጨምር ያልኩህ እኔ አይደለሁ?" አለችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች።

እማዬ ስለ አባቴ ዝምታ ለአባቴ አንድም ቀን አላነሳችበትም፤ ልጄን ያጎበጥኳት በዚያ ማስያዣ እኔ ነኝ ብላ ራሷን ስትወቅስ ኖራ፣ ይህንኑ ይዛ ሞተች። መንጠቆው ያቆሰለው ቆዳ በሁለት ሳምንት ይድን እንደነበር፣ ጀርባውን የለቀቀው የእኔ ምላጭ እንደሆነ ልነግራት እየቻልኩ ሳልነግራት ቀረሁ። ስትታመም አልጋዋ አጠገብ ዘጠኝ ቀን ተቀምጫለሁ። በዘጠኙም ቀን አፌ ላይ ነበር።

አስቴር አሁን ቴፒ አስተማሪ ናት። ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ ቆማ የሆነ ነገር የምታይ ትመስላለች፤ የምታየው ነገር የለም፣ ትንፋሽ እየሰበሰበች ነው። ከገበያ ልኳ የሚሆን ማስያዣ ስለሌለ እኔ እሰፋላታለሁ፤ ከፊት የሚቆለፍ፣ ጀርባው ስፌት የሌለው፣ ግራና ቀኙ የተለያየ። በየዓመቱ ክረምት ማለቂያ ላይ ትመጣና ከሹራቧ በላይ ሜትሩን ራሷ ትይዛለች፣ እኔ አነባለሁ። የቀኙ ማንጠልጠያ ከግራው ስንት እንደሚበልጥ ነው ዋናው ልክ። መጀመሪያ የሰፋሁላት ጊዜ ልዩነቱ ሦስት ሳንቲም ነበር።

ዘንድሮም መጣች። ከሚኒባሱ መውረጃ እስከ ሱቄ ድረስ ሁለት ጊዜ ስትቆም በመስኮት አየኋት።

"ስንት መጣ?" አለችኝ።

"ያው የአምናው ነው።"

"አንተ፣ ስትዋሽ ሜትሩን ቶሎ ትጠቀልላለህ።"

ፈታሁትና መልሼ አነበብኩላት፤ ስድስት ከግማሽ። አምና ስድስት ነበር። ግማሽ ሳንቲም ለሌላ ደንበኛ ቢሆን ልክ ነው ብዬ የማልፈው ነው፣ ከስፌት መጨማደድ የማይበልጥ። አስቴር ጠረጴዛውን ተደግፋ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

"በል ቁረጠው" አለች፣ "ሰኞ ትምህርት ይከፈታል።"

የግራውን ማንጠልጠያ ከቀኙ በስድስት ከግማሽ አሳጥሬ ቆረጥኩት።