ነጭናጫው ዝም ያለ ቀን

በሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ ዓይናማዋ ነው የሚሏት። ቢሏትም አይፈረድባቸውም። ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ትልቅ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ነው። የቤቱ ኮምፒውተሮች፣ የላቦራቶሪ ማሽኖች፣ ስልኮች፣ እነዚህን እርስ በርስ የሚያገናኙት ስዊች የሚባሉ ሳጥኖችም ጭምር፣ እያንዳንዳቸው እዚያ ላይ አንድ አንድ ነጥብ አላቸው። ደህና የሆነው አረንጓዴ ነው፣ ያመመው ቢጫ፣ የወደቀው ቀይ። ሐኪሞቹ ሰው ያክማሉ፣ እሷ ደግሞ የሐኪሞቹን ዕቃ።

አብረዋት ስለሚውሉም ስም አውጥታላቸዋለች። ገመዱ ሁሉ የሚሰበሰብበትን ዋናውን ስዊች «አማቴ» ትለዋለች፤ እሷ ካኮረፈች ቤቱ ሁሉ ያኮርፋላ! ሦስተኛ ፎቅ፣ መዝገብ ቤት ያለው አሮጌ ማተሚያ ደግሞ «ነጭናጫው» ነው። ወረቀት አለቀብኝ፣ ሞቀኝ፣ ተጣበቀብኝ እያለ በየደቂቃው ቢጫ ያበራል። ሌላ ሰው ቢሆን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ይተወው ነበር፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ችላ ብላው አታውቅም።

የዚያን ቀን ጭንቋ ግን ሌላ ነበር። ልጇ ሚጡ ከምሳ በኋላ ትምህርት ቤት ትያትር አላት። ካቻምና ሚጡ አበባ ሆና ስትጫወት ሰርቨር የሚሉት ዋና ኮምፒውተር ወደቀና እናት ቀረች። አምና ንብ ስትሆን ደግሞ አማቴ ተቃጠለችና አሁንም ቀረች። ዘንድሮ ሚጡ አድጋ ዳኛ ሆናለች፤ ዳኛዋም ትያትሩ እስኪጀመር አልጠበቀችም። ጠዋት እናቷ ፀጉሯን ስታበጥርላት ረጋ ብላ፣ «ዛሬም ከቀረሽ፣ ከነገ ጀምሮ እማዬ የምለው አክስቴን ነው» አለቻት። አባት ሳቁን ከሻይ ብርጭቆው ጀርባ ደበቀ። እናት ግን አልሳቀችም። ልጅቷ እንደሆነች ያለችውን ሳታደርግ የምትቀር ዓይነት አይደለችም፤ በማን ወጥታ!

ስለዚህ ዓይናማዋ ማልዳ ገባች። በዚህ ቀን ምንም እንዳይበላሽባት ክፍል ለክፍል እየዞረች፣ የላላውን ስታጠብቅ፣ አቧራውን ስትጠርግ፣ የተንዘላዘለውን ገመድ ስትሰበስብ፣ ጠብ እርግፍ አለች። ይህን ጥረቷን ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

ምሳ ሰዓት አልፎ ወደ ክፍሏ ስትመለስ ስክሪኑ ሙልጭ ብሎ አረንጓዴ ሆኗል። ገመድ ዘርጊው ጋሼ ቋጠሮ እዚያው ተቀምጠዋል። ይህን ስም ያተረፉት እሳቸው ያሰሩትን ገመድ ከእሳቸው በቀር የሚፈታው ስለሌለ ነው። ምን ትጠብቂያለሽ፣ እኔ አለሁልሽ፣ ሂጂ አሏት። ቦርሳዋን አነሳች። በሩን ከፍታ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ዞር ብላ አየችውና ቆመች።

«ጋሼ፣ ነጭናጫው እኮ ዝም ብሏል።»

«ታዲያ እሰይ አትይም?»

እሰይ ማለት አልቻለችም። ሚጡ ገና ስትድህ ጓዳ ገብታ ድምጿ ከጠፋ፣ ወይ ዱቄት ደፍታለች ወይ ግድግዳ ላይ እየሣለች ነው። አሁንም ያንኑ ጠረጠረች። ተመልሳ በስክሪኑ ጥግ ያለውን ሰዓት አየች፤ ቆሟል። ለካ ስታየው የነበረው ነጭናጫው ትንፋሽ በወሰደባት ቅጽበት የደረቀ ሥዕል ነው! ስክሪኑ ራሱ ከኔትወርኩ ተቆርጦ፣ የመጨረሻውን ደህና ወሬ ይዞ ፈዞ ቀርቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰው እንዴት አልደወለም ብላ ስልኩን አነሳች። እሱም ጭጭ። ስልኩም የሚሠራው በዚያው ኔትወርክ ነውና፣ አቤት የሚሉበትም አፍ አብሮ ተዘግቷል።

ኮሪደሩ ላይ ነርሶች የላቦራቶሪ ውጤት በወረቀት ይዘው ይሯሯጣሉ። ደግነቱ እግራቸው ፈጣን ነበር፣ በማንም ላይ ክፉ ነገር አልደረሰም። ጋሼ ቋጠሮ ዋናውን ሳጥን ከፍተው፣ አማትሽ አርፋለች ብለው ፈረዱ። እሷ ግን መብራቶቹን አየቻቸው። የሞተ ሳጥን አያበራም፤ ይቺ ሁሉም መብራቷ ያለ ዕረፍት ይርገበገባል። እንግዲያው አንድ ቦታ ገመድ ዞሮ ወደ ራሱ ገብቷል፣ መልእክቱም መውጫ አጥቶ ያንኑ እየተሽከረከረ መንገዱን ሁሉ ዘግቶታል ማለት ነው። ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀለች ጠበቀች። የሁለተኛ ፎቁን ስትነቅል መብራቶቹ ረጋ አሉ።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጠዋት ባዶ ውሎ ከምሳ በኋላ ሰው የገባበት የስብሰባ አዳራሹ ብቻ ነው። ይቅርታ ብላ ገብታ፣ በአለቆች ጫማ መሀል እየዳኸች ጠረጴዛው ሥር ገባች። አንዲት ትንሽ ስዊች ላይ የአንድ ገመድ ሁለቱም ጫፎች ተሰክተዋል። ጋሼ ቋጠሮ ጎንበስ ብለው፣ ይህን የሰካው ማነው ብለው ጠየቁ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጠዋት ወለል ላይ የተጋደመ የገመድ ጫፍ አግኝታ፣ ወለሉ እንዲያምር ብላ ባዶ ቀዳዳ ውስጥ የሰካችው እሷው ናት። ሌላው ጫፍ ከጠረጴዛው እግር ጀርባ እዚያችው ሳጥን ላይ መሰካቱን አላየችም። ሳጥኗም ያኔ ጠፍታ ነበር፤ ተሰብሳቢዎቹ መጥተው እስኪያበሯት ጥፋቱ አልታየም።

«ጉዴ ፈላ ጋሼ፤ እኔው ነኝ።»

እሳቸው እስኪያነቡ ሳቁ። ስንት ዘመን ቋጠሮ ስባል እንዲህ ያለውን ቋጥሬ አላውቅም አሉ። ገመዱን ነቀለች፣ ላይ ወጥታ የነቀለችውን መለሰች፣ ቤቱም ነፍስ ዘራ። ቀድሞ የተናገረው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም፤ ነጭናጫው፣ ወረቀት አለቀብኝ አለ። ልትስመው ምንም አልቀራትም። ለአለቃዋ ጥፋቷን በሁለት ቃል ነግራ፣ እግሬ አውጪኝ ብላ ሮጠች።

ጉልበቷ አቧራ እንደለበሰ፣ ከባሏና ከእህቷ አጠገብ ዘጭ ስትል ትያትሩ ተጋምሷል። መድረኩ ላይ ሚጡ የአባቷን ጥቁር ካፖርት ለብሳ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተሰይማለች። ፍርዷን ልታነብ ስትል ማይክሮፎኑ ጸጥ አለ። አዳራሹ ተንጫጫ። የማይክሮፎኑ ገመድ የሚያልፈው በዓይናማዋ እግር ሥር ነው፣ ጫፉ ወልቆ ይታያል። ሳታስበው ብድግ አለች።

ዳኛዋ ጠረጴዛዋን በመዶሻዋ መታች።

«እማዬ፣ ተቀመጪ። ፍርድ ቤቱ ሥራ ላይ ነው።»

ማይክሮፎን ምን ያደርግላታል፤ ድምጿ እስከ ኋላው በር ተሰማ። አዳራሹ «ተቀመጪ» የሚለውን ሰምቶ በሳቅ ፈነዳ። እናት የሰማችው ግን «እማዬ» የሚለውን ብቻ ነበር። እህቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ተረፍሽ» አለቻት።

ተቀመጠች፣ እጆቿንም ጉልበቶቿ መሀል ሸሸገቻቸው። የወለቀው ገመድ እግሯ ሥር ተጋድሞ ነበር፤ ትያትሩ እስኪያልቅ አልነካችውም።