ሠላሳ ሁለቱ ምክሮችና እንሰት ፋቂዎቹ

የአማርኛ አስተማሪያችን ሽፋኑ የተገነጠለ ቀጭን መጽሐፍ ሰጠኝና፣ «ይኼ ደራሲ መሆን ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ምክር ነው። አንብቢውና ለወላጆች በዓል አንድ ድርሰት ይዘሽ ነይ። መድረክ ላይ ስታነቢ ከሴት ተማሪዎች የመጀመሪያዋ አንቺ ትሆኛለሽ» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካላመጣሽ የክፍላችሁ አለቃ የአምናውን ግጥሙን ይደግመዋል» ብሎ ጨመረ።

የአለቃችንን ግጥም ሶዶ ውስጥ ያልሰማ የለም። ስለ ፀሐይ መውጣት ነው። ፀሐይዋ ወጥታ አታልቅም።

በእኛ ቤት እንግዲህ መጽሐፍ ከተሰጠሽ የምታደርጊው አንድ ነገር ነው፤ በቃልሽ መያዝ። አባቴ የወንጌል አገልጋይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከታናናሾቼ ጋር ደጃፍ ላይ ተሰልፈን ጥቅስ እንልለታለን። አንዲት ቃል የሳተ ወደ ሰልፉ ጭራ ይመለሳል። እኔ ጭራ ከሆንኩ፣ ሳልኩራራ ልናገር፣ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ስለዚህ ውሃ ስቀዳም ስኳር ድንች ስልጥም ሠላሳ ሁለቱን ምክሮች ከነቁጥራቸው ያዝኳቸው። «አንደኛ፣ ማልደህ ተነሣ። ሁለተኛ፣ ጸጥ ካለ ስፍራ ተቀመጥ። ሦስተኛ፣ ልብህን ክፈትና የሚመጣውን ጠብቅ።»

አንድ ቀን አባቴ ሰማኝ። «ይኼ ደግሞ የየትኛው መልእክት ነው?»

«የደራሲዎች ነው፣ አባዬ።»

«እኔ አላውቀውም» ብሎኝ ሄደ።

ምክሩን ልፈጽም ብዬ ጓሮ ሄጄ ልቤን ከፍቼ ተቀመጥኩ። የመጣችው ግን ጎረቤታችን ነበረች። «ምነው ልጅቷ ዝም አለች? ቆላ ተበላ ከተማ ገበያ ወርዳ ወባ ይዟት ነው እንዴ?» ብላ እናቴን ጠራቻት። ግንባሬን ዳስሰው ቤት አስገቡኝ።

በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው አስተማሪዬ ጠራኝ። እኔ ደግሞ በኩራት ቆሜ ከአንደኛ እስከ ሠላሳ ሁለተኛ ሳልተነፍስ አወረድኩለት።

«ድርሰቱስ?» አለኝ።

«ድርሰቱ… የለም፣ ቲቸር።»

በሳቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በይ፣ እስከ ዓርብ ድረስ!»

እያለቀስኩ ቤት ስደርስ ከጓሮ ሳቅ ይሰማል። አክስቴና ጎረቤቶቻችን እናቴን እንሰት በመፋቅ ሊያግዙ መጥተዋል። አክስቴ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ የእንሰቱን ልጥ በተረከዟ ከተጋደመው ጣውላ ጋር አጣብቃ በቀርከሃ ትፍቀዋለች። እንሰት ሲፋቅ ወንድ አይጠጋም። አባቴ እንኳ የሚፈልገው ነገር ቢኖር ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ይጣራል። ስለዚህ ሴቶቹ እዚያ የሚያወሩትን ሌላ ቦታ አያወሩትም።

«መጽሐፉ ልብሽን ክፈቺ ይላል፤ እኔ ከፍቼ ምንም አልመጣልኝም» አልኳት አክስቴን።

«መጀመሪያ እጅሽን ክፈቺና ይቺን ያዢልኝ» ብላ ልጡን አስጨበጠችኝ።

ይዤ ስሰማ አንዷ፣ ማን እንደሆነች አልናገርም፣ «የኔው ሰውዬ ጸሎቱ የሚረዝመው ማሳው ሲጠራው ነው» አለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ «የኔው ይሻላል፤ ሳይጸልይም ይተኛል!» ስትል የእንሰቱ ውሃ ፊታችን ላይ እስኪረጭ ሳቅን። ያኔ ነው አሥራ ሰባተኛው ምክር ትዝ ያለኝ። «አጠገብህ ያለውን ሰው አድምጥ» ይላል። ስንት ቀን ሙሉ በአፌ ይዤው ስዞር ነበር! እጄን እንኳ ሳልታጠብ ደብተር ፍለጋ ሮጥኩ። ያ ደብተር እስከ ዛሬ እንሰት እንሰት ይሸታል።

ሐሙስ ዕለት የጻፍኩትን በወላይትኛ እየመለስኩ ለአክስቴ ነገርኳት። መፋቂያው ከእጇ ወደቀ።

«ይኼንን ወንዶች ፊት ልታነቢ ነው?»

እሷ እንቢ ካለች የአለቃችን ፀሐይ መውጣቷ ነው። አክስቴ የወደቀውን መፋቂያ አንሥታ ጣውላው ላይ አንዴ ሳብ አደረገችው። ከዚያ ከንፈሯ ጥግ ላይ ሳቅ መጣ። «ስም እንዳትጠሪ እንጂ አንብቢ። እስቲ አንድ ቀን እንኳ ይስሙት።»

አነበብኩ። በበዓሉ ቀን መድረኩ ላይ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ከአባቶች ደግሞ እያንዳንዱ ጎኑ ያለውን ሰው እያየ ይስቅ ጀመር።

መጽሐፉን ስመልስ አስተማሪዬ፣ «ታዲያ ጠቀመሽ?» አለኝ። አሰብኩበት። ሠላሳ አንዱ ምክር አንዲት መስመር አላጻፈኝም። አሥራ ሰባተኛውም ቢሆን አክስቴ ልጡን ባታስይዘኝ ኖሮ አፌ ውስጥ ይቀር ነበር። ግን ደግሞ እኔን የመሰለች ልጅ ደራሲ ለመሆን ብትነሣ የሚመክራት ሰው እንዳለ ያወቅሁት ከዚያ ከተገነጠለ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ እወደዋለሁ። «ጠቅሞኛል፤ ግን በቃል አይያዝም» አልኩት።

ማታ እራት ላይ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያቺ… ጸሎት ይረዝማል ያለችው ሴትዮ፣ ማን ነበረች?»

እናቴ ወጡን አቀርቅራ ታየዋለች።

«አባዬ፣ ስም አልጠራም ብዬ ቃል ገብቻለሁ።»

በማግስቱ የጠዋት ጸሎታችን አጭር ነበር። አባቴ ፀሐይ ሳትወጣ ማሳ ወረደ።