ቦታው ላይ ብቻ የሚነገር ታሪክ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ቢርጊታ ቁልፍ፣ አንድ ሰማያዊ ፋይልና ማኅተም ሰጠችኝ። ማኅተሙ ላይ በስዊድንኛ «ያልተሟላ» የሚል ተቀርጾበታል። ከምኖርበት ከሻርሆልመን በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ ስመጣ የፊልም ሰዎችን ላገኝ ነው ብዬ ሊፕስቲክ ተቀብቼ ነበር። የዚያን ቀን ከሥራ እስክወጣ ድረስ ያገኘሁት ወረቀት ብቻ ነው።

ዘመኑ በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። መሥሪያ ቤታችን ስቶክሆልም መሃል ያለ ትንሽ የፊልም ፈንድ ነበር። የእኔ ማዕረግ ሃንድሌጋሬ ይባላል፤ ማመልከቻ ተቀብሎ፣ መርምሮ ለኮሚቴ የሚያቀርብ ማለት ነው። የደረሰኝ ክፍል የሰሜኑ ነባር ሕዝብ፣ የሳሚ ፊልም ሠሪዎች የሚያመለክቱበት ነው። የምንሰጠው ለቀረጻ አይደለም፤ ካሜራ ከመነሣቱ በፊት ላለው ጥናትና ጽሑፍ ነው።

ማኅተሙን ወደድኩት። ቅጹ አምስት ገጽ የታሪክ ማጠቃለያ ይጠይቃል፤ ከሌለ ማኅተሙን መትቼ እመልሳለሁ። ጎበዝ ነሽ ተባልኩ፤ እኔም አመንኩ።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ በየካቲት፣ የማሬት ማመልከቻ መጣ። ማሬት ሬን ከሚያረባ የሳሚ ቤተሰብ የተወለደች ናት፤ ሬን የበረዶ አገር አጋዘን ነው። ፊልሟ ስለ አጎቷ ነው። ሽማግሌው ጉልበታቸው ስላለቀ መንጋቸውን ይዘው ወደ ተራራ የሚወጡት ዘንድሮ ለመጨረሻ ጊዜ ነው፣ በረዶው ሳይሟሟ በሚያዝያ። ማሬት አብራቸው ለመጓዝ ወጪ ጠይቃለች። በታሪክ ማጠቃለያው ቦታ ግን ያሰፈረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ታሪኩን እዚህ ተቀምጬ አላውቀውም።»

እውነቱን ልናገር፣ ሳቅኩና ማኅተሜን አሳረፍኩበት።

ከሳምንት በኋላ ደወለች። አልተቆጣችም፤ የከበደኝም እሱ ነው። አጎቷ አንድን ታሪክ የሚናገሩት ታሪኩ የተፈጸመበት ቦታ ሲደርሱ ብቻ መሆኑን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ወንዙ ጋ የወንዙን፣ ቋጥኙ ጋ የቋጥኙን። ቤት ውስጥ ከጠየቋቸው ዝም ነው።

«ዘንድሮ ካልሄድኩ ሌላ የሚነግረኝ የለም» አለች። «አምስቱን ገጽ ከየት ላምጣልሽ?»

ስልኩን ስዘጋ አባዬ ትዝ አለኝ። አባዬ አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። የወሰን ክርክር ሲመጣ ሽማግሌ ምስክሮች ችሎት ፊት ብዙ አያወሩም፤ «ቦታው ላይ ውሰዱን» ይላሉ። ዳኛውም፣ ተከራካሪዎቹም፣ አባዬም ተከትለዋቸው ይሄዳሉ። ምስክርነታቸውን ዛፍ ሥር ቆሞ ይጽፍ ነበር። ይህን እየሰማሁ ያደግሁ ሰው ነኝ እንግዲህ በማኅተም የምፎክረው። አፈርኩ።

ኮሚቴው ሊሰበሰብ አራት ቀን ቀርቶታል። ቢርጊታ ቢሮ ገብቼ ፋይሉ እንደገና እንዲከፈት ጠየቅኩ። ሴትዮዋ የጠየቀችው ሽርሽር ነው እንጂ ጽሑፍ አይደለም አለችኝ፤ ደንቡንም አወጣችና አነበበችልኝ። ቢርጊታ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ደንብ ግን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ነበር የምትይዘው። የአባዬን የወሰን ምስክሮች ነገርኳት።

«ለማሬት መሄዱ ራሱ መጻፍ ነው» አልኳት። «ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ኮሚቴው ፊት የምናገረውም እኔ ነኝ።»

መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ካልተቀበሉሽ አልደርስልሽም» አለች፤ ፋይሉን ግን ከፈተችው።

ኮሚቴው ፊት ስቀርብ ስዊድንኛዬ እንደዚያ ቀን ከድቶኝ አያውቅም። አንዱ አባል፣ ሽማግሌው መንገድ ላይ ምንም ባይናገሩስ ብሎ ጠየቀኝ። ታዲያ የእኛ ገንዘብ የሚሰጠው ገና ላልታወቀ ነገር አይደለም ወይ ብዬ መለስኩለት። በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ።

ማሬት ማስታወሻዋንና የራሷን ትንሽ ካሜራ ይዛ ሄደች። በሐምሌ አሥራ ሁለት ገጽ ላከችልኝ። እያንዳንዱ ትዕይንት የቦታ ስም ነበረው፤ ከክረምቱ ሰፈር ጀምሮ እስከ ተራራው አናት። አጎቷ በሚቀጥለው ዓመት አረፉ። ፊልሙ ተሠርቶ የታየ ቀን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሽማግሌው ወንዙ ጋ ቆመው ሲናገሩ ሳይ ግን ኮራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ቅጹ ላይም አንድ መስመር አስጨመርኩ፦ «ታሪኩ የሚገኘው የት ነው?» ጡረታ ስወጣ መስመሩ እዚያው ነበር። ማኅተሙም እዚያው ነበር፣ መሳቢያው ውስጥ።

በወንበሬ ለተቀመጣችሁ የምለው አጭር ነው። ማመልከቻ የጎደለው ሲመስላችሁ ከማኅተሙ በፊት ስልኩን አንሡ። እኔ አላነሣሁም፤ የደወለችው ማሬት ናት።