አንዱ ኮር

ካዛንቺስ ባለችው የጥገና ሱቁ ውስጥ ገቢሳ መጀመሪያ ያየው ለምለም ያመጣችው ላፕቶፕ የተጠቀለለበትን ጥቁር የሐዘን ሻርፕ ነው።

«የቤት ፕላን የምሠራበት ነው፤ በጣም ይንቀራፈፋል። ነገ ካላስረከብኩ ከሥራ መባረሬ ነው» አለች ለምለም።

ገቢሳ ፈተሸው። ሁለት ኮር፣ ማለትም ሁለት የማስሊያ አንጎል፣ ያለው ማሽን የሚሠራው በአንዱ ብቻ ነው፤ የማስነሻው ሴቲንግ ላይ አንድ ተብሎ ተመርጧል።

«አልተበላሸም እኮ። ሆን ብሎ የቀነሰው ሰው አለ።»

ለምለም ክው አለች። «ባሌ ነዋ፣ በድሉ! ማታ አጠገቤ ሲሠራበት የፋኑ ጩኸት ይቀሰቅሰኝ ነበር። ‹አስተካክዬዋለሁ፣ ተኚ› አለኝ። በቃ፣ ምን እንዳደረገው ሳይነግረኝ አረፈ።»

«በአንድ ኮር ሲሠራ ብዙ ስለማይሞቅ ፋኑ አይጮኽም። ልመልሰው?»

ሻርፑን አጣጥፋ ያዘችና «መልሰው» አለች።

ላፕቶፑ ጠፍቶ ሲነሳ ፋኑ ጮኸ። እጇን ጣል አድርጋበት፣ «ግድ የለም በዴ፣ አልተኛሁም» አለችው በሹክሹክታ።

ለምለም ላፕቶፑን መልሳ በሻርፑ ጠቀለለችና ደረቷ ላይ እንዳቀፈችው ለልማት በፈረሱት የሰፈሩ ቤቶች በኩል ሄደች።