የሐረጎ ጉምና የአባቴ ነጭ ጋቢ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ኮምቦልቻ

ቦርከና ወንዝ ዳር ጭጋጉ ገና አልተነሳም። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን እንዳይቆሽሽ ጭናቸው ላይ አጥፈው መኪናዬ ውስጥ ተቀምጠዋል። የወጥ ጠብታ ያረፈበት ጋቢ ለብሰው ከቤት ወጥተው አያውቁም።

ዛሬ ኩታበር ዘመዶቻችን ቤት የእህቴ የዘሀራ ኒካህ፣ የጋብቻ ውሏ፣ ይታሰራል፤ አባታችን ሳይኖሩ ደግሞ አይታሰርም። "ልጁን አልወደድኩትም" ብለው ዓመት ሙሉ እምቢ ያሉት አባቴ ባለፈው ሳምንት ገና "እሺ" አሉ። ከዙሁር፣ ከቀትር ሶላት፣ በፊት ካልደረስን "ሐጂ ሐሳባቸውን ቀየሩ" ይባላል። ሞባይል ገና በወሬ የምንሰማው ነገር ስለነበር ደውሎ ማስረዳት የለም።

መኪናዬ በጅቡቲ በኩል የገባች ቱርቦ ናት። ዳገት ላይ ሚስ ታደርጋለች፤ ሞተሯ እየተቆራረጠ ጉልበት ያጣል። ሦስት ሳምንት ሙሉ የኮምቦልቻን ጋራዦች ዞርኩ። ነዳጁን የሚለኩሰውን ካንዴላ ቀየርን፣ የነዳጅ ማጣሪያ ቀየርን፣ የቱርቦውን ቱቦ ፈትሸን አጠበቅን። ሁሉም ፀሐይ ላይ አስነስተው "ጤነኛ ናት" ብለው ይሸኙኛል። ወይ ጤና!

1 ሰዓት፣ ሐረጎ

ወደ ደሴ በሚወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ጉሙ ወረደብን። መንገዱም ገደሉም ጠፋ። ከየት እንደሆነ የማይታወቅ የፍየሎች ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል። አባቴ በለሆሳስ መንዙማ ያንጎራጉራሉ። እየነዳሁ ሕልም የማይ መሰለኝ፤ ኒካሁ ባይኖር እንዲህ ሆነን መንገዱ ባያልቅ ደስ ባለኝ ነበር።

ነዳጅ ረገጥኩ። ቱርቦው አፏጨና ወዲያው ጠጠጠ... መኪናዋ ተንገጫገጨች።

"ያ ረቢ!" አሉ አባቴ። "ያ እምቢ ያልኩበት ዓመት ነው የያዘኝ።"

በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ወጣነው።

3 ሰዓት፣ ደሴ

መኪናዋን አቁመን እንዳንሳፈር የኩታበሩ አውቶቡስ ሄዷል፤ ቀጣዩ ከዙሁር በኋላ ነው። በሁለት ብር ፉል የበላሁበት ቤት ባለቤት ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ጋሽ ሽፈራው ወደሚባሉ መካኒክ መራን። ጋራዣቸው ጣሪያ የለውም፤ ጉሙ እላያችን ላይ ይንጠባጠባል።

"የት ነው የሚጀምራት?" አሉኝ።

"ሐረጎ ላይ፣ ጉሙ ውስጥ።"

"ያሳየሃትስ?"

"ኮምቦልቻ።"

"አይ አንተ! በሽታዋ ያለው ደጋ፣ የምታሳክማት ቆላ!" ሳቁብኝ። እኔም አፈርኩ።

ኮፈኑን ከፍተው የካንዴላ ገመዶቹ ላይ ውሃ ረጩና ቀና አሉ። "ጨለማ ባገኝ አሳያችሁ ነበር።"

አባቴ ሰማዩን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ ነጩን ጋቢ ከትከሻቸው አውርደው ሰጧቸው።

"አባዬ፣ ይቆሽሽብዎታል እኮ!"

"ዝም በል።"

ሦስታችንም ጋቢው ሥር ከሞተሩ ላይ አጎነበስን። የጋሽ ሽፈራው ረዳት ነዳጅ ሲረግጥ ከሦስተኛው ገመድ ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ብረቱ ዘለለ። እንደገና ዘለለ። ሱብሃነላህ፣ እንዴት ያምራል! ሳምንታት ያቃጠለኝን ነገር እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ አየሁት።

"ላስቲኩ ተሰንጥቋል" አሉ ጋሽ ሽፈራው። "ቱርቦው አየር ሲያጭቅበት እሳቱ ካንዴላው ላይ መዝለል ይከብደዋል። እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ በስንጥቁ ይሾልካል። መንገድ የከለከሉት እሳት በጎን መውጣቱ አይቀርም።"

አባቴ ጋቢውን መልሰው ደረቡ። ከአሮጌ ሞተር የተፈታ ደህና ገመድ ተገጠመልንና መንገድ ጀመርን።

6 ሰዓት፣ ኩታበር

መኪናዋ ጉሙን ሰንጥቃ አንዴም ሳትደናቀፍ ደረሰች። ግቢው ጭር ብሏል። "ዙሁር ደረሰ፣ ሐጂ ቀሩ" ተብሎ ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን እያደረጉ ነበር።

ዘሀራ ከጓዳ በር ላይ ሆና አባቷን አየች። ከዚያ ጋቢውን አየች፤ ከትከሻ እስከ ጫፍ ጥቁር ዘይት። ያን ጋቢ ከልጅነቷ ጀምሮ ያጠበችው እሷ ናት። አፏን በነጠላዋ ያዘችና አለቀሰች።

የሙሽራው አባት ንጹሕ ጋቢ ይዘው ቀረቡ። "ሐጂ፣ ይህን ይልበሱ።"

አባቴ በእጃቸው መለሱት።

"ተዉት። ዛሬ ልጄን የምድረው በዚሁ ነው።"