አምስት ቀን የቆየ መርዶ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። መርከቧ የአገሬ መርከብ አይደለችም፤ ጦርነቱም እኔ ቀርቶ እናቴም ሳትወለድ ያለፈ ነው። ባሕርን ያየሁት ከአውሮፕላን መስኮት ብቻ ነው። ይባስ ብሎ በታሪኩ ውስጥ ያለኝ ድርሻ ስሕተት ነው። ቢሆንም ሌላ የሚጽፈው ሰው ስለሌለ እጽፈዋለሁ።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከክላስ በኋላ ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ሴንተር ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ እሠራለሁ። ከምረዳቸው ሰዎች አንዷ ኖርዌይ የተወለዱ የዘጠና ዓመት ሴት ናቸው። ሻይ ባፈላሁላቸው ቁጥር ይቀምሱና፣ «ይሄ ሻይ ነው ወይስ ማር?» ይሉኛል፤ ግን ጠጥተው ይጨርሱታል።

የታሪክ መምህራችን አንድ አረጋዊ ጠይቀን፣ የነገሩንን ከሰነድ ጋር አመሳክረን እንድንጽፍ ሲያዘን ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«ጥያቄ ያለኝስ እኔ ነኝ» አሉኝ።

አባታቸው በአንዲት የኖርዌይ የጭነት መርከብ ላይ ከሰል በአካፋ እየዛቁ ወደ ምድጃው የሚጨምሩ ሠራተኛ ነበሩ። ጀርመኖች ኖርዌይን ሲይዙ መርከቧ ባሕር ላይ ነበረች። እንደ ብዙዎቹ የኖርዌይ መርከቦች ወደ አገሯ መመለሱን ትታ፣ ለእንግሊዝ ወገን እህልና ብረት ታመላልስ ጀመር። ልጅቷ፣ የዛሬዋ አረጋዊት፣ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ጦርነቱ አልቆ መርከበኞች ሲመለሱ አባቷ አልመጡም። ከመርከቧ ባለቤቶች የደረሰው ደብዳቤ መርከቧ መስጠሟን ይናገራል፤ ስለ አባቷ ግን «ከጠፉት ጋር ሳይሆኑ አይቀርም» ከማለት አያልፍም። አንድ የሰፈራቸው መርከበኛ ደግሞ፣ «ኒው ዮርክ ላይ ሻንጣውን ይዞ ከመርከቧ ሲወርድ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ» አለ።

ከዚያ በኋላ እናቷ ባሌ ሞተ ብለው አያውቁም። ከዳኝ አሉ። ልጃቸውን ይዘው ዘመድ ወዳለበት ወደ ሚኒሶታ የመጡትም እሱን ፍለጋ ነበር። ፈልገው ሲያጡት የቀረቻቸውን አንዲት ፎቶግራፍ ምድጃ ውስጥ ከተቷት።

«ወርዶ ቀረ ወይስ አብሮ ሰጠመ? እሱን ብቻ ንገሪኝ» አሉኝ ሴትዮዋ። «የቀረውን ለመምህርሽ ስጪው።»

ሦስት ሳምንት ፈለግኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ በዚያ ጦርነት የነበሩ የኖርዌይ መርከቦችን ጉዞ አንድ በአንድ የያዘ መዝገብ አሳየችኝ። ዩኒቨርሲቲዬ ካለበት ከሴንት ፖል በባቡር ስመለስ ሁሉ እሱን አነብ ነበር፤ መርከቧ ከየትኛው ወደብ ተነሣች፣ ምን ጫነች፣ የት ደረሰች። አሮጌ ስለነበረች በጦር መርከብ ታጅበው ከሚጓዙት ጋር እኩል መሄድ ያቅታታል። «ወደ ኋላ ቀረች» የሚል ቃል ሦስት ቦታ አገኘሁ። በሦስተኛው ብቻዋን ሳለች ከሰርጓጅ መርከብ የተተኮሰ ቶርፔዶ መታት። በጀልባ የተረፉ ነበሩ፤ ምድጃው ጋ ተረኛ ከነበሩት ግን አንድም አልተረፈም። የአባታቸው ስም ከተረኞቹ መካከል ተጽፏል።

የኒው ዮርኩም ወሬ ውሸት አልነበረም። መርከቧ ከመስጠሟ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብላ እዚያ ለጥገና ቆማለች፤ ሠራተኞቹም ወርደዋል። አባታቸው ወርደው፣ ተመልሰው ተሳፍረዋል።

ይህን ያወቅሁት ሰኞ ነው። ወዲያው ልሄድ ተነሥቼ ነበር፤ አስቀድሜ ለእናቴ ነገርኳት።

«አንቺ ልጅ፣ መርዶ እንደ ፒዛ በር ላይ ይሰጣል እንዴ?» አለችኝ። «ሰው ሳይሰበሰብ? ልጃቸው በሌለችበት? ደግሞ የሚነገረው በጠዋት ነው።»

አጎቴ አዲስ አበባ ሲሞት ጎረቤቶቻችን ሦስት ቀን ደብቀውን፣ ቅዳሜ ሲነጋ ተሰብስበው በራችንን አንኳኩ። እናቴ እስከ ዛሬ ታመሰግናቸዋለች። እኔም መደበቅ ደግነት መሆኑን እንዲሁ ነው የተማርኩት። የሴትዮዋ ልጅ በየቅዳሜው ከዱሉዝ ትመጣለችና ቅዳሜን ቆረጥን።

ማክሰኞ፣ «አገኘሽ?» አሉኝ።

«ገና ነው።»

ሐሙስም ጠየቁኝ፤ «ገና ነው» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ወይ ሰነፍ ተማሪ ነሽ ወይ ሰነፍ ዋሾ» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያ ሳቅ አሁንም ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ ደርባ አብራኝ መጣች። ልጃቸውም ደርሳ ኮቷን እያወለቀች ነበር። ሴትዮዋ ሦስታችንን ተራ በተራ አዩን።

«ማን ሞተ?»

እናቴ አጠገባቸው ተቀመጠችና በምትችለው እንግሊዝኛ፣ «አባትዎ» አለች።

ልጃቸው ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። መዝገቡን አውጥቼ አነበብኩላቸው።

«አልወረደም?»

«ወርደዋል። ግን ተመልሰዋል። ሲሞቱ ምድጃው ጋ ነበሩ።»

መዝገቡን ከእጄ ወስደው የአባታቸውን ስም በጣታቸው ነኩ። ከዚያ፣ «መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉኝ።

«ሰኞ።»

«ማክሰኞ ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«እኔ ዘጠና ዓመቴ ነው፤ አምስት ቀን ከየት አመጣለሁ?» ድምፃቸው ከፍ አላለም። «አባቴን አምስት ቀን ጨምረሽ ከሃዲ አደረግሽብኝ።»

ሰው መሰብሰብ፣ ጠዋት መምረጥ፣ ሁሉም ላልሰማ ሰው የተሠራ ጥንቃቄ ነው። እሳቸው ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ከሞት የከፋ ነገር ሰምተው ኖረዋል። ለእሳቸው መርዶው እፎይታ ነበር፤ እኔ ግን እንደ መዓት ደበቅሁት።

በዚህ መሐል እናቴ ማልቀስ ጀመረች። ለይሉኝታ አልነበረም፤ ደረቷን ይዛ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘች፣ ለማታውቃቸው ሰው አለቀሰች።

«ምን ሆና ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

«ለአባትዎ ነው» አልኩ። «እኛ ዘንድ መርዶ የተነገረው ሰው ብቻውን አይተውም።»

ወደ እናቴ ዞሩ። «ለእሱ እስካሁን ማንም አላለቀሰም» አሉ። «እናቴ እንደተቆጣች ሞተች።» ከዚያ የእናቴን እጅ ያዙና እሳቸውም አለቀሱ። ልጃቸው መጥታ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች። ያን ቀን ወደ እኔ ዳግም አላዩም፤ ያቀረብኩላቸውንም ሻይ አልነኩትም።

ለመምህሬ በሰጠሁት ጽሑፍ ላይ ጦርነቱ ለኖርዌይ ያበቃው ሚያዝያ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. መሆኑን ጻፍኩ። ስሕተት የለበትም። በዚያች ክፍል ውስጥ ግን ያበቃው ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ሰኞ፣ ኅዳር 1 ሊሆን ይችል ነበር።