ወፍጮ ቤት ወራጅ

አንድ ስም አልጠራም ብዬ ሠላሳ ብር ልከስር ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመት እህል የፈጨሁበት ወፍጮ ቤቴ ለልማት ፈርሶ፣ በቦታው ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። ባለፈው በታክሲ ላፍቶ ስደርስ «ወፍጮ ቤት ወራጅ» አልኩ።

«አባባ፣ ወፍጮ ቤት ድሮ ቀረ። የሕንፃውን ስም ካልጠሩ አናቆምም» አለ ረዳቱ እየሳቀ።

«እንግዲያው ፉሪ ውሰደኝ» ብዬ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። ደርሶ መልሱን አስልቼዋለሁ፤ ሠላሳ ብር ነው።

ልናልፍ ስንል ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ወፍጮ ቤት ወራጅ» ሲል ረዳቱ ሳያስበው ታክሲውን አስቆመ። ዞር ብዬ አየሁ። ሰውየው የሕንፃው ጥበቃ ነው፤ የሕንፃው ስም ደረቱ ላይ በትልቁ ተጽፏል።

ሠላሳ ብሬን ይዤ ተከትዬው ወረድኩ። ሁለት ወፍጮና አንድ ቤት ወስደውብኛል፤ ፌርማታው ግን አሁንም የእኔ ነው።